ቀይ መብራትና የቀኝ መታጠፊያ

ከቤተሰብ ዓምድ

ቦታው በጦር ሰፈራችን ከሚገኙት የቤተሰብ መኖሪያ ቤቶች አንዱ ነው። ጊዜው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። የከባድ ተሽከርካሪ ነጂዎች አሠልጣኝ የሆነ አንድ ሃምሳ አለቃ ከሥራ ተመልሶ፣ እግሩን ታጥቦና እራቱን በልቶ፣ ቡናው እስኪፈላ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ሳለ ስልኩ ይጮኻል። የደወለው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ታክሲ እየነዳ የሚተዳደረው ታናሽ ወንድሙ ነበር። የቤተ ዘመዱና የጎረቤቱ ደኅንነት ተራ በተራ ከተጠየቀ በኋላ ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ የትራፊክ ቅጣት ደረሰብኝ» አለ።

«ምን አጥፍተህ?»

«ሜሪላንድ በሚባለው ክፍለ ግዛት በኩል ስሄድ ቀይ መብራት በርቶ ሳለ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።»

ሃምሳ አለቃው ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «አንተ ልጅ! መሪ ያስጨበጥኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ? ቀይ ሲበራ ቁም ማለት እንደሆነ ሳልነግርህ ቀርቼ ነው?»

«መታጠፉስ እዚህ ይፈቀዳል፣ ጋሼ። የተቀጣሁት ከመታጠፌ በፊት ቀጥ ብዬ ባለመቆሜ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ለሃያ ሁለት ዓመታት መሪ ጨብጦ ቆላ ደጋ የወጣና የወረደ፣ ብዙ ወጣት ነጂዎችንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ግን ሰምቶ አያውቅም። በዚያው ምሽት ባለቤቱ ጀበናውን እያወረደች የሰነዘረችው ቃል ደግሞ እንቅልፍ ነሣው። «ነጂውስ ቆሞ ይታጠፍ እሺ፤ አረንጓዴ በራልኝ ብሎ ዜብራው ውስጥ የገባውን እግረኛ ግን ማን ሊያየው ነው?» ነበር ያለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሃምሳ አለቃው ወደ ዝግጅት ክፍላችን ጎራ ብሎ፣ «ለመሆኑ ቀይ መብራት ቁም ማለቱ ቀርቶ እንደ ሁኔታው እለፍ ማለት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ቢያብራሩልን ለሠልጣኞቼም ለቤተሰቤም ይጠቅማል» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። በሠራዊቱ ውስጥ መሪ የሚጨብጥ ብዙ ነው፤ በውጭ አገር ታክሲ እየነዳ የሚኖር ወንድም፣ እኅት ወይም ልጅ ያለውም ጥቂት አይደለም። መንገድ የማያቋርጥ ግን ከመካከላችን ማንም የለም። ስለሆነም ውድ አንባቢያን፣ የነገሩን ሥር መሠረት ቀጥለን እናቀርባለን።

የቀይ መብራት ትውልድ

ቀይ ብርሃን የማስቆሚያ ምልክት የሆነው በመጀመሪያ በባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ከሐዲዱ አንሥቶ ወደ ከተማ ጎዳና ያመጣውም የባቡር መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1868 በለንደን ከተማ፣ በእንግሊዝ ፓርላማ አጠገብ፣ ጆን ፒክ ናይት የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ምልክት ተተከለ። በቀን የሚዘረጉና የሚታጠፉ ክንዶች፣ በሌሊት ደግሞ በጋዝ የሚበሩ ቀይና አረንጓዴ ፋኖሶች ነበሩት። ያንን ሁሉ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ፖሊስ ነበር። በዚያን ጊዜ በጎዳናው ላይ የሚርመሰመሰው መኪና ሳይሆን የፈረስ ጋሪ መሆኑን ልብ ይሏል። ነገር ግን ምልክቱ ብዙ አልቆየም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጋዙ ፈንድቶ ፖሊሱን አቆሰለውና ሥራው ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1914 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የትራፊክ መብራት ሥራ ጀመረ። ይህኛው ቀይና አረንጓዴ ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1920 ደግሞ በዲትሮይት ከተማ ዊልያም ፖትስ የተባለ የፖሊስ ባልደረባ በመካከላቸው ቢጫውን ጨምሮ፣ በአራቱም አቅጣጫ የሚታየውን ባለ ሦስት ቀለም መብራት ሠራ። ዛሬ በየመስቀለኛው መንገድ የምናየው የዚያ ልጅ ነው።

ቀይ ከላይ፣ ቢጫ ከመካከል፣ አረንጓዴ ከታች የመደርደሩ ሥርዓት ለውበት የተደረገ እንዳይመስለን። ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ማየት የሚያዳግታቸው ሰዎች አሉ። ይህ ችግር ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ ይበዛል። እነርሱ ቀለሙን ባይለዩ እንኳ የበራው የላይኛው መሆኑን አይተው ይቆማሉ። ቀይ መብራት ከመነሻው እንዲህ የታሰበበት ቃል ነበር፤ ትርጉሙም አንድ ብቻ፣ «ቁም» ነው። ታዲያ «ቆመህ ታጠፍ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ቤንዚን የለወጠው ደንብ

ለዚህ መልሱ የሚገኘው ከትራፊክ ፖሊስ መዝገብ ሳይሆን ከነዳጅ ታሪክ ነው። በምዕራብ አሜሪካ የሚገኙ ክፍላተ ግዛት፣ ካሊፎርኒያን ጨምሮ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ወደ ቀኝ መታጠፍን ቀደም ብለው ይፈቅዱ ነበር። ከተሞቻቸው ሰፋፊ ናቸው፤ በዚያን ዘመን የእግረኛውም ቁጥር ያን ያህል አልነበረም። የምሥራቁ ክፍል ግን ለረጅም ጊዜ አልተቀበለውም።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ ዐረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ለአሜሪካና ለአንዳንድ አገሮች ነዳጅ መሸጥ አቆሙ። በርሜል በ3 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው ድፍድፍ ነዳጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። በአሜሪካ በየማደያው ረጅም ሰልፍ ታየ። መንግሥት ነዳጅ ለመቆጠብ ብዙ ዘዴ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በጥር 1974 በአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች የከፍተኛው ፍጥነት ወሰን በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1975 ደግሞ የኃይል ምንጭ ፖሊሲና ቁጠባ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ክፍለ ግዛት ለኃይል ቁጠባ የፌዴራል ድጋፍ እንዲያገኝ ከተፈለገ፣ ደኅንነት እስከፈቀደ ድረስ ነጂዎች ቀይ መብራት ላይ ከቆሙ በኋላ ወደ ቀኝ እንዲታጠፉ የሚፈቅድ ደንብ ማውጣት ነበረበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሞተር እያቃጠለ ከሚቆም ይሂድ ነው። ክፍላተ ግዛቱም አንድ በአንድ ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ1980 መጀመሪያ ላይ ማሳቹሴትስ በመጨረሻ ስትገባ ደንቡ የአገሪቱ ሁሉ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ እናስታውስ። ያው የነዳጅ ቀውስ ወደ እኛም አገር መጥቶ ነበር። የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ ምክንያት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ከተማዋም እግሯ ተሳሰረ። ያ የሥራ ማቆም አድማ በዚያ ዓመት የመጣውን ታላቅ ለውጥ ካፋጠኑት ነገሮች አንዱ ሆኖ በታሪክ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ከአገር የወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዋሽንግተን ከተማ ገብተው የታክሲ መሪ ጨበጡ። በአዲስ አበባ ታክሲን ያስቆመው ቀውስ በአሜሪካ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀዩን መብራት ያላላ ደንብ ወለደ፤ ወገኖቻችንም ከባሕር ማዶ ያንኑ ደንብ ተቀበሉት። የሃምሳ አለቃው ወንድም ይህን ሁሉ ሳያውቅ ነው የተቀጣው።

ቁጠባው ለአንድ ነጂ ምን ያህል ነው ቢባል መልሱ ትንሽ ነው። አንዲት ትንሽ መኪና ቆማ ሞተሯ እየሠራ በሰዓት አንድ ሊትር ታቃጥላለች ብንል፣ አንድ ደቂቃ ቀይ መብራት ላይ ብትጠብቅ የሚጠፋው ነዳጅ አንድ የቡና ስኒ አይሞላም። በሚሊዮን በሚቆጠሩ መኪናዎች ሲባዛ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሕጉ ዓላማ ይህ ነበር። በስኒዋ አንጻር የሚቀመጠው ዋጋ ምን እንደሆነ ግን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደንቡ በትክክል የሚለው

በሰው አፍ «ቀይ ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይቻላል» እየተባለ በአጭሩ ይነገራል። ጥፋቱ የሚጀምረውም ከዚህ ማሳጠር ነው። የሙሉው ደንብ ቃል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፣ ነጂው ከማቆሚያው መስመር በፊት፣ ዜብራውን ሳይረግጥ፣ ጎማው ፈጽሞ መሽከርከር እስኪያቆም ድረስ ይቆማል። ሁለተኛ፣ መታጠፍን የሚከለክል ሰሌዳ ወይም ቀይ ቀስት አለመኖሩን ያረጋግጣል። ሦስተኛ፣ በዜብራው ላይ ላለ እግረኛ፣ ለብስክሌተኛና አረንጓዴ በርቶለት ለሚመጣ ተሽከርካሪ ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። መንገዱ ነጻ መሆኑን ካየ በኋላ ብቻ ይታጠፋል። ደንቡ ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። አልታጠፍም ብሎ አረንጓዴውን የሚጠብቅ ነጂ አላጠፋም፤ ከኋላው ጥሩምባ የሚነፋበት ግን አይታጣም።

የደንቡ ወሰንም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኒው ዮርክ ከተማ የሚፈቅድ ሰሌዳ ካልተተከለ በስተቀር ቀይ ላይ መታጠፍ ክልክል ነው። በካናዳ የኬቤክ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲፈቅደው የሞንትሪያልን ደሴት ለይቶ ከፈቃዱ አስወጥቷል። ስለዚህ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዘዋወር ነጂ ትናንት የተፈቀደለትን ዛሬ ተከልክሎ ሊያገኘው ይችላል።

ይህ ሁሉ የተነገረው በቀኝ በኩል ስለሚነዳባቸው አገሮች ነው። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1973 ተከትላለች። ጂቡቲም ሶማሊያም ኤርትራም በቀኝ ይነዳሉ። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛንያ ግን በግራ ናቸው። በሞያሌ ድንበር የሚሻገር ነጂ በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ መንገዱን ከቀኝ ወደ ግራ ይለውጣል። እዚያ ቅርቡና ቀላሉ መታጠፊያ የግራው ይሆናል፤ በቀኝ የለመደ ዓይንም እንደ አዲስ መሠልጠን አለበት።

ዓይን የሚያይበትና የማያይበት

አሁን የሃምሳ አለቃው ባለቤት ወዳነሣችው ጥያቄ እንመለስ። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የሚሻ ነጂ የሚፈራው ምንድን ነው? ከግራው በኩል አረንጓዴ በርቶለት እየከነፈ የሚመጣውን መኪና ነው። ስለዚህ አንገቱን ወደ ግራ ያዞራል፤ ዓይኑን እዚያው ተክሎ ክፍተት ይጠብቃል። ክፍተቱን ባየ ጊዜ እግሩን ከፍሬን አንሥቶ ይንቀሳቀሳል። እግረኛው ግን ከቀኝ በኩል ካለው የመንገድ ዳር ተነሥቶ ወደ ዜብራው ገብቷል። ለእርሱ አረንጓዴ በርቶለታል፤ መኪናይቱም ስትቆም አይቷታል። ነጂው ወደ ግራ ያያል፤ እግረኛው በቀኙ አለ። ሁለቱም ሕግ አክብረናል ብለው ያምናሉ።

ይህ ግምት አይደለም። ደንቡ በምሥራቅና በመካከለኛው አሜሪካ ከተስፋፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጡ ጥናቶች፣ በተጠኑት ቦታዎች ወደ ቀኝ በሚታጠፉ መኪናዎች የሚገጩ እግረኞች ቁጥር ከ40 በመቶ በላይ፣ በአንዳንዱ ቦታም ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ አሳይተዋል። በብስክሌተኞች ላይ የታየው ጭማሪ ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። አጥኚዎቹ የሰጡት ምክንያትም ያው የአንገት መዞር ነው፤ ነጂዎቹ ቆሙ፣ ወደ ግራ አዩ፣ ከቀኝ የመጣውን ግን አላዩም።

የሌላውንም ወገን ክርክር ማቅረብ ተገቢ ነው። በአሜሪካ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው ሰው ብዛት አንጻር በዚህ መታጠፊያ የሚደርሰው ሞት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መኪናይቱ የምትነሣው ከቆመችበት ስለሆነ ፍጥነቷ ዝቅተኛ ነው፤ ብዙው ግጭትም በቁስል ያልፋል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ቁስለኛው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ሰውና ብስክሌተኛው ነው። ነዳጁን የቆጠበው ሌላ፣ ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሆነ ማለት ነው።

የሃምሳ አለቃው ወንድም የደወለው ስለ ገንዘቡ ብቻ እንዳልነበረ የታወቀውም በዚህ ጊዜ ነው። በዚያ አገር የቅጣቱ ማስታወቂያ በፖስታ ሲመጣ በመስቀለኛው መንገድ ላይ የተተከለው ካሜራ ያነሣውን ተንቀሳቃሽ ምስል መመልከቻ ቁጥር አብሮ ይመጣል። ወንድምየው ለመከራከር አስቦ ምስሉን ከፈተው። የራሱን ታክሲ አየ። ወደ መስመሩ እየተንከባለለች ደረሰች፤ ሳትቆም ወደ ቀኝ ታጠፈች። በቀኝ በኩል ደግሞ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ አንዲት ሴት አንድ እግሯን ዜብራው ላይ አሳርፋ ነበር። ጋሪውን በድንጋጤ ወደ ኋላ ስትስበው በምስሉ ላይ ይታያል።

«ጋሼ፣ ሴትየዋን አላየኋትም» አለ ወንድምየው በስልኩ። «በዚያን ቀን አላየኋትም፤ ማታም አላሰብኳትም፤ ወረቀቱ ባይመጣ ኖሮ መኖሯንም ሳላውቅ እሞት ነበር። ስንት ጊዜ እንዲህ አድርጌ ይሆን እያልኩ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ለመከራከር ያሰበውን ትቶ ቅጣቱን ከፈለ።

አስሉት እስቲ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ የምታዘግም መኪና በአንድ ሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ትሄዳለች። ነጂው ወደ ግራ ለሁለት ሰከንድ ቢመለከት ስምንት ሜትር ሳያይ ተጓዘ ማለት ነው። ስምንት ሜትር ዜብራውን አሳልፎ ይተርፋል። ደንቡ «ጎማው ፈጽሞ እስኪቆም ቁም» የሚለው ለዚህ ነው። የቆመች መኪና ነጂዋ ወዴትም ቢያይ ማንንም አትጎዳም፤ የምትንከባለል መኪና ግን ዓይን በሌለበት ትሄዳለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ተረታችን፤ ጎዳና ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

ሌሎች አገሮች እንዴት ያዩታል?

እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ቀይ መብራት ማለት ማቆሚያውን መስመር አትለፍ ማለት እንደሆነ ይደነግጋል። ከቀዩ ጋር አረንጓዴ ቀስት ከበራ ግን ነጂው በቀስቱ አቅጣጫ መታጠፍ ይችላል፤ ያም ቢሆን ሌላውን ተሽከርካሪ ሳያውክና እግረኛውን ለአደጋ ሳያጋልጥ ነው። አብዛኛው የአውሮፓ አገር በዚህ መንገድ ይሠራል። በእስራኤልም ብዙ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ቀይ ላይ መታጠፍ አይፈቀድም። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ከመብራቱ በፊት ለብቻው የተከፈለ መንገድ ባለበት ቦታ ነው።

ጀርመን የተለየ ታሪክ አላት። በምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1978 ከቀዩ መብራት ጎን የሚለጠፍ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለ ትንሽ አረንጓዴ ቀስት ወጣ። ቀስቱ የማይበራ ተራ ሰሌዳ ነው፤ ያለበት ቦታ ቆሞ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀዳል። ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ሲዋሐዱ ብዙው የምሥራቁ ነገር ተሻረ። ይህ ሰሌዳ ግን ከክርክር በኋላ ተረፈ፤ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮም ለመላው አገር ተፈቀደ። ሰሌዳው የሚለጠፈው ቦታው ተመርምሮ በተመረጠበት መስቀለኛ መንገድ ብቻ ነው። ልዩነቱን ልብ ይሏል፤ አሜሪካ ሁሉን ፈቅዳ አንዳንዱን ስትከለክል፣ ጀርመን ሁሉን ከልክላ አንዳንዱን ትፈቅዳለች።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ እንደገና መታየት ጀምሯል። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 እግረኛ በሚበዛበት አንድ ሰፈሯ ቀይ ላይ መታጠፍን ከለከለች። የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ክልከላውን በከተማው ሁሉ ለማድረግ የሚያስችል ሕግ አጸደቀ። በሚሺጋን የምትገኘው የአን አርበር ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በመሐል ከተማዋ እንዲቀር ወሰነች። በነዳጅ እጥረት ዘመን የወጣ ደንብ በእግረኛ ደኅንነት ሚዛን እንደገና እየተመዘነ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

«ይህ የሩቅ አገር ነገር ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በከተማይቱ በርካታ አደባባዮች ፈርሰው በትራፊክ መብራት ተተክተዋል። መብራት በበዛ ቁጥር መታጠፊያውም ይበዛል። መብራቱ የአሜሪካን ይሁን የአገራችን፣ የነጂው አንገትና የእግረኛው እግር አንድ ናቸው። አረንጓዴ በርቶለት እንኳ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ነጂ ከዜብራው ላይ እግረኛ ማግኘቱ አይቀርም።

በጦር ሰፈር ደግሞ ከባድ ተሽከርካሪ አለ። ሃምሳ አለቃው ሠልጣኞቹን ኦራል አጠገብ አቁሞ ሲያስረዳ ዝግጅት ክፍላችን ተገኝቶ ነበር። «የኋላው ጎማ የፊተኛውን ፈለግ የሚከተል እንዳይመስላችሁ» አላቸው። «ስትታጠፉ የኋላው ወደ ውስጥ ያጥራል፤ ማዕዘኑን ይበላል። የፊቱን ጎማ ከእግረኛው አራርቃችሁ ብታሳልፉ የኋላው ይደርስበታል። ደግሞም ከዚህ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ከቀኝ በር ሥር የቆመ ልጅ በስፖኪዮም በመስተዋትም አይታያችሁም።» ከዚያ አንዱን ሠልጣኝ ከመሪው ኋላ አስቀመጠውና ሌላውን በቀኙ በኩል ከኮፈኑ አጠገብ አስጎነበሰው። «ታየዋለህ?» ብሎ ጠየቀው። ሠልጣኙ አንገቱን አስግጎ ፈልጎ፣ «አላየውም፣ ሃምሳ አለቃ» አለ። ከዚህ በኋላ ብዙ ማብራራት አላስፈለገም።

ስለዚህ መሪ የምትጨብጡ ሁሉ፣ የሚከተለውን ልማድ አድርጉ። ቀይ ሲበራ ከመስመሩ በፊት ቁሙ፤ ዜብራ የእግረኛ ቤት ነው፣ ጎማችሁን አታስገቡበት። የትራፊክ ፖሊስ በቦታው ካለ ከመብራቱ ይልቅ የእርሱን እጅ ተከተሉ። የአካባቢውን ሰሌዳና ምልክት ሳታነቡ አትታጠፉ፤ በተጠራጠራችሁ ጊዜ አረንጓዴውን ጠብቁ። ፍሬቻችሁን አስቀድማችሁ አብሩ። ግራችሁን አይታችሁ ስትጨርሱ ቀኛችሁን እንደገና ሳታዩ እግራችሁን ከፍሬን አታንሡ። ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋባችሁ ሰው ለምታደርሱት ጉዳት አብሯችሁ አይጠየቅም።

እናቶችና አባቶች ደግሞ ለልጆቻችሁ የምታስተምሩት ይህ ነው። አረንጓዴ ሰው በራልን ብለው ወዲያው እንዳይዘልሉ። ከመንገዱ ጫፍ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ይቁሙ፤ በተለይ ከባድ መኪና ሲታጠፍ ማዕዘኑ ላይ አይጠጉ። መኪናይቱ ቆማለች ማለት ነጂው አይቷቸዋል ማለት አይደለም። ፊቱን ይመልከቱ፤ ዓይን ለዓይን ከተገናኙ ይሻገሩ፤ ወደ ሌላ ወገን እያየ ከሆነ እስኪዞር ይጠብቁ። ታናናሾቻቸውን እጅ ይዘው እነርሱ ከመኪናው ወገን ይሁኑ፤ ሕፃኑ በውስጥ በኩል ይሂድ።

የሃምሳ አለቃው የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ትምህርት በማግስቱ በተግባር ፈተነችው። ከእናቷ ጋር ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከመንገዱ ዳር ቆማ የአንዱን መኪና ነጂ አተኩራ ስታየው፣ ሰውየው ግራ ገብቶት በእጁ «እለፉ» አላት። እርሷም አላለፈችም። «እናቴ፣ አይቶኛል አይደል?» ብላ ጠየቀች። «አይቶሻል» ስትባል ነው የተሻገረችው።

ባለፈው እሑድ ወንድምየው እንደገና ደውሎ ነበር። ሃምሳ አለቃው የዝግጅት ክፍላችንን ማብራሪያ ከነዳጁ ታሪክ ጀምሮ አንድ በአንድ ነገረው። ወንድምየው ዝም ብሎ አዳመጠና፣ «እኔስ ከዚያ ወዲህ ቀይ ላይ መታጠፍ ትቻለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ተሳፋሪዎቼ ያጉረመርማሉ። ከኋላዬም ይጮኹብኛል። ይጩኹ እንጂ፤ እኔ ያቺን ጋሪ እያየሁ አረንጓዴውን እጠብቃለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ «አሁን ነው መሪ የጨበጥከው» ብሎ መለሰለት።